የት ደረሰ?

በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ፣ ከባሕሩ ዳር ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ሰዎች ስለ ሕገ መንግሥት የሚጽፉበት አንድ ግንብ ነበር። በ2020 መጸው የጽዳት ሠራተኞች የግፊት ውሃ ይዘው መጡና ጽሑፉን አጥበው አጠፉት። ብዙም ሳይቆይ እዚያው አካባቢ ከቀድሞው እጅግ የገዘፈ፣ ከሩቅ የሚነበብ ጽሑፍ ተሣለ፦ «አዲሱ ሕገ መንግሥት የት አለ?»

ይህ ጥያቄ ለእኛ ቅርብ ነው። መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ብሎ ያውቃል። ማመልከቻው ገብቷል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ መዝገብ ቤት ድረስ ሲሄድ ታይቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ሰው አይገኝም። የአይስላንድ ሰዎች ደብዛው የጠፋባቸው ፋይል ደግሞ አገሩ በሙሉ ተጠርቶ ሐሳብ ያዋጣበት፣ በሕዝበ ውሳኔም «ይሁን» ያለው የሕገ መንግሥት ረቂቅ ነው።

በብዙ ሰው ዘንድ ተበታትኖ ያለን እውቀትና ሐሳብ በግልጽ ጥሪ ሰብስቦ አንድ ሥራ መሥራት «ክራውድሶርሲንግ» ይባላል። ጄፍ ሃው የተባለ ጋዜጠኛ በ2006 «ዋየርድ» በተባለው መጽሔት ላይ ቃሉን ሲያስተዋውቅ የሚናገረው ስለ ኩባንያዎች ነበር፤ ለተቀጣሪ ይሰጥ የነበረን ሥራ ለማንም ክፍት ስለ ማድረግ። መንግሥታት ወደ ሐሳቡ የመጡት ዘግየት ብለው ነው። መነሻው ግን ማንም የሚረዳው ነገር ነው። የመንገዱን ጉድጓድ ከመሐንዲሱ ይልቅ በቀን አሥር ጊዜ የሚመላለስበት የሚኒባስ ሾፌር ያውቀዋል። የጤና ጣቢያውን ወረፋ ከኃላፊው ይልቅ ልጇን አዝላ የቆመችው እናት ታውቀዋለች። ይህን እውቀት ሕግና ፖሊሲ ወደሚጻፍበት ጠረጴዛ ማድረስ ለመንግሥትም ለሕዝብም እንደሚበጅ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ የምንጨነቀው ሐሳቡ እንዴት ይሰብሰብ በሚለው ላይ ነው፤ ነገሩን በቅርብ ስከታተለው የታየኝ ግን ችግሩ ያለው ከመሰብሰቡ በኋላ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭውን ዘመን በአውሮፓውያኑ፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።)

* * *

የአይስላንዱ ታሪክ የሚጀምረው ከባንክ ነው። በኦክቶበር 2008 ላንድስባንኪ፣ ካውፕቲንግና ግሊትኒር የተባሉት ሦስት ትልልቅ ባንኮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ወደቁ። የአገሪቱ ሕዝብ ያን ጊዜ 320,000 ገደማ ነበር፤ ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ያነሰ ማለት ነው። ባንኮቹ የተሸከሙት ዕዳ ግን ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ሰዉ ቅዳሜ ቅዳሜ ምክር ቤቱ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ መሰብሰብ ጀመረ። በጃንዋሪ 2009 ድስቱንና መጥበሻውን ከኩሽና ይዞ ወጥቶ በማንኪያ እየደበደበ ጮኸ። በወሩ መጨረሻ የጠቅላይ ሚኒስትር ጌይር ሃርዴ መንግሥት ወደቀና ዮሃና ሲጉርዳርዶቲር ተተኩ።

ባንክ ወድቆ ሳለ ሕገ መንግሥት መነሳቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። አይስላንድ በ1944 ከዴንማርክ ተለይታ ሪፐብሊክ ስትሆን የያዘችው ሕገ መንግሥት በአብዛኛው የዴንማርኩ ግልባጭ ነበር፤ በንጉሡ ቦታ ፕሬዚዳንት ገባበት እንጂ። ለጊዜው እንያዘው፣ ስንረጋጋ የራሳችንን እንጽፋለን ተብሎ ነበር። የፓርላማ ኮሚቴዎች እየተቋቋሙ እየተበተኑ ከስድሳ ዓመት በላይ አለፈ። ባንኮቹ ሲወድቁ ሕዝቡ ማን ማንን ይቆጣጠር እንደነበር ጠየቀ፤ መልሱንም በዚያ አሮጌ ሰነድ ውስጥ ፈልጎ አጣው።

ኖቬምበር 6 ቀን 2010 በሬይክያቪክ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ 950 ሰዎች በየጠረጴዛው ተቀመጡ። ከሕዝብ መዝገብ በዕጣ የተጠሩ ናቸው። ዕጣ ደግሞ ማንን ከማን ጎን እንደሚያስቀምጥ አይመርጥም፤ ዕድሜው፣ ጾታውና የሚኖርበት አካባቢ አገሩን እንዲመስል ብቻ ተጠንቅቀው ነበር። አንድ ቀን ሙሉ አዲሱ ሕገ መንግሥት በምን ላይ ይቁም በሚለው ተወያዩ። ካነሷቸው ሐሳቦች አንዱ የአገሪቱ የተፈጥሮ ሀብት የሕዝቡ ይሁን የሚል ነበር። ይህን ሐሳብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው ወር ረቂቁን የሚጽፉ 25 ሰዎች እንዲመረጡ ተደረገ። 522 ሰዎች ተወዳደሩ። የምክር ቤት አባላትና ሚኒስትሮች መወዳደር አይችሉም ነበር። ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 37 በመቶ ገደማ ነው። በጃንዋሪ 2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሻረው። ድምፅ ተሰርቆ አልነበረም። የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹ ቁጥር ነበረባቸው፤ መራጩ የሚቆምበት መከለያ ካርቶን ስለነበር ከኋላ የቆመ ሰው ሊያጮልቅ ይችላል፤ ሣጥኖቹም ሕጉ እንደሚለው የሚቆለፉ አልነበሩም። ምክር ቤቱ መላ ፈለገና እነዚያኑ ተመራጮች «የሕገ መንግሥት ጉባኤ» ብሎ ራሱ ሾማቸው። ሥራው ቀጠለ፤ ስንጥቁ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ተጓዘ። በኋላ ረቂቁን ያልወደደ ሁሉ «በተሻረ ምርጫ የመጡ ሰዎች የጻፉት» ለማለት መንገድ አገኘ። በካርቶንና በቁልፍ ጉዳይ ይህን ያህል ዋጋ መከፈሉ ያሳዝነኛል። የሕዝብን አደራ የሚሸከም ሥራ ጥቃቅኗን ነገር ሁሉ እንደ ትልቅ መያዝ አለበት።

ሃያ አምስቱ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ 2011 አራት ወር ተሰጣቸው። ሊቀመንበሯ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ምሁሯ ሳልቮር ኖርዳል ነበሩ። በአባልነት የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰሩ ቶርቫልዱር ጊልፋሶን አሉበት፤ ቄስ አለበት፤ ገበሬ አለበት፤ ጋዜጠኛ አለበት። ዓለም እንዲሰማቸው ያደረገው የአሠራራቸው መንገድ ነው። ሕግ አርቃቂ እንደ ልማዱ በር ዘግቶ ይጽፋል፣ ያለቀለትን ያወጣል። እነዚህ ግን እንጀራው ሳይጋገር ሊጡን ለሕዝብ አሳዩ። ገና ያልተስማሙበትን ረቂቅ በድረ ገጻቸው ላይ እየለጠፉ፣ አስተያየት እየተቀበሉ፣ አስተካክለው እንደገና እየለጠፉ 12 ጊዜ ያህል ተመላለሱ። ስብሰባቸውን በቀጥታ አስተላለፉ። በፌስቡክ፣ በትዊተርና በዩቲዩብም ነበሩ። ስሙን የሰጠ ማንም ሰው አስተያየት መጻፍ ይችል ነበር፤ ከመለጠፉ በፊት አንድ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ያነበዋል። 3,600 ያህል አስተያየትና 370 ያህል መደበኛ ሐሳብ ደረሳቸው።

ታዲያ የሕዝቡ ሐሳብ ገባበት ወይ? አሌክሳንደር ሃድሰን የተባለ ተመራማሪ የቀረቡትን ሐሳቦች ከረቂቁ ጋር አንድ በአንድ አስተያይቶ ከአሥሩ አንድ ገደማ በጽሑፉ ላይ ለውጥ እንዳመጣ አገኘ። ብዙው ለውጥ የመጣው ስለ መንግሥት አካላት በሚናገረው ክፍል ሳይሆን ስለ መብት በሚናገረው ነው። ይህ አያስገርምም። ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን አስተያየት ለመስጠት ማጥናት ይጠይቃል፤ ስለ ራስ መብት ለመናገር ግን የኖሩት ኑሮ ይበቃል። ከአሥር አንድ ለሚለው ቁጥር «ይኸው ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ብዙ ነው እላለሁ። ቤታቸው ተቀምጠው ከጻፉት አሥር ሰዎች የአንዱ ቃል የአገር ሕገ መንግሥት ረቂቅ ውስጥ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ጁላይ 29 ቀን 2011 ሃያ አምስቱም በአንድ ድምፅ የተስማሙበት፣ 114 አንቀጽ ያለው ረቂቅ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ተሰጠ። ኦክቶበር 20 ቀን 2012 ሕዝቡ ተጠየቀ። ከመራጩ ግማሽ ያህሉ ወጣ፤ ከወጣው 67 በመቶ ረቂቁ የአዲሱ ሕገ መንግሥት መሠረት ይሁን አለ። የተፈጥሮ ሀብት የሕዝብ ይሁን የሚለውን 83 በመቶ ደገፈ።

ከዚያ በኋላ ፋይሉ ጠፋ። በማርች 2013 ምክር ቤቱ ሲበተን ረቂቁ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። በኤፕሪል በተደረገው ምርጫ ለውጡን የማይወዱት ፓርቲዎች አሸንፈው ገቡ። አሮጌው ሕገ መንግሥት ራሱ የሚሻሻልበትን መንገድ ሲደነግግ ማሻሻያው በምክር ቤቱ እንዲያልፍ፣ ከዚያ አዲስ ምርጫ እንዲደረግ፣ አዲሱ ምክር ቤትም እንደገና እንዲያጸድቀው ይጠይቃል። ቁልፉ ያለው በእነዚያው በሚገደቡት ሰዎች እጅ ነበር። ሕዝቡ ድምፅ የሰጠበት ሕዝበ ውሳኔም ምክር እንጂ ግዴታ አልነበረም።

አሁን ወደ ተፈጥሮ ሀብቱ ልመለስ። አይስላንድን ያቆማት ዓሣ ነው። ከ1984 ጀምሮ አንድ ጀልባ በዓመት ምን ያህል እንደሚያጠምድ በኮታ ተወሰነ። ኮታው የተከፋፈለው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ማን ምን ያህል እንዳጠመደ ታይቶ፣ በነጻ ነው። በኋላ ኮታውን መሸጥና መግዛት ተፈቀደ። በባሕሩ ውስጥ የሚዋኝ፣ የማንም ያልሆነ ዓሣ በወረቀት ላይ የጥቂቶች ንብረት ሆነ። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ከሁለት ዓሣ አጥማጆች የቀረበለትን አቤቱታ መርምሮ አሠራሩ አድሎአዊ ነው ብሎ ነበር። እንግዲህ 950 ሰው በአዳራሽ፣ 83 በመቶ በምርጫ ጣቢያ «የሕዝብ ይሁን» ሲል እጁን የጫነው በአገሪቱ ትልቁ ኪስ ላይ ነው። ሌላም አለ፤ ረቂቁ የሁሉም ሰው ድምፅ እኩል እንዲመዝን ይጠይቃል። በገጠር ወረዳ ጥቂት ድምፅ ይዞ ወንበር ለሚያገኝ ተመራጭ ይህ የራሱን ወንበር የሚነካ ነው። ሕዝቡ ሐሳብ ለማዋጣት አልሰነፈም፣ ቴክኖሎጂውም አልከዳቸውም። ሐሳቡ የደረሰበት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ሰዎች «እሺ» ወይም «እምቢ፣ ምክንያቱም» ብለው በግልጽ የመመለስ ግዴታ አልነበረባቸውም። በ2020 መጸው ከ43,000 በላይ ሰው ፈርሞ ያስገባው አቤቱታም በሕዝበ ውሳኔ «ይሁን» የተባለው ረቂቅ ሕግ እንዲሆን ጠየቀ።

* * *

ስለ አይስላንድ ባነበብኩ ቁጥር የምትመጣብኝ እናቴ ናት።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት፣ በተወለድኩባት ከተማ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። የደርግ መንግሥት የሕገ መንግሥት ረቂቅ አዘጋጅቶ ሕዝብ ይወያይበት ብሎ ያወረደበት ጊዜ ነው። አንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ታደለ። በሁለት ወር ውስጥ ወደ 25,000 በሚጠጉ ቦታዎች ውይይት ተካሄደ። ኢንተርኔት የለም፤ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ዝናብና ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የአንባቢው ድምፅ ይዋጣል፤ ጋብ ሲል ከሚቀጥለው አንቀጽ መሐል ብቅ ይላል። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነበር። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተላለች። ስለ ባልና ሚስት እኩልነት የሚናገረው ጋ ሲደረስ ጣቷ ቆመ።

እጇን አወጣች። በስብሰባ ላይ ስትናገር ያየኋት የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው። «የቀበሌ ቤት የሚመዘገበው በባል ስም ነው» አለች። «ባል ጥሎ ቢሄድ የኪራይ ደብተሩን ይዞት ይሄዳል። እኩል ናቸው ካላችሁ ደብተሩ ላይ ሁለታችንም እንጻፍ።»

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሴቶች አጉረመረሙ፤ የድጋፍ ማጉረምረም። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያትና «ተመዝግቧል እትዬ፣ ይቀመጡ» አላት።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋቢዋ በስብሶ ደስ ብሏት ነበር። ለጎረቤት ሁሉ «ሐሳቤ ተመዝግቧል» አለች። መስከረም ሲጠባ ቀበሌ ሄዳ «የት ደረሰ?» አለች። ወደ በላይ ተልኳል አሏት። በኅዳር እንደገና ሄደች። ከዚያ በኋላ አልሄደችም።

በኋላ ሳነብ ቁጥሩን አገኘሁት። በዚያ ውይይት ከመላ አገሪቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የማሻሻያ ሐሳብ ቀርቧል። አርቃቂ ኮሚሽኑ በነሐሴ ተሰብስቦ 95ቱን ተቀበለ። ከእነዚህ ውስጥ የሥልጣኑን ምሰሶ የነካ አልነበረም። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 81 በመቶ ደገፈው ተባለ። ሕገ መንግሥቱ ከደርግ ጋር በግንቦት 1983 ዓ.ም. አብሮ ወደቀ።

ያን ውይይት ጠቅልሎ የማስመሰያ ነበር ማለት ይቀናል። እኔ ግን ከፍዬ ነው የማየው። ሕዝቡ አላስመሰለም። ስለ ግብር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ውትድርና ግዴታ ከልቡ ተከራክሯል። ከአንድ በላይ ማግባትን የሚከለክለው አንቀጽ በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ብርቱ ሙግት አስነስቷል። እናቴ ያን ዕለት የተናገረችው ቃል የትኛውም የሕግ ባለሙያ ሊያፍርበት የማይችል የሕግ ሐሳብ ነው። ከሕዝብ የሚጠበቀው ተደርጓል። የጎደለው የዚያኛው ወገን ሥራ ነው።

* * *

ያኛው ወገን ሥራውን ሲሠራ ምን እንደሚመስል የማውቀው ከታይዋን ነው።

ማርች 18 ቀን 2014 ተማሪዎች ከቻይና ጋር የተደረገውን የአገልግሎት ንግድ ስምምነት ተቃውመው የታይዋንን ምክር ቤት ገብተው ያዙ። ስምምነቱ አንቀጽ በአንቀጽ ሳይታይ በችኮላ እንዲያልፍ መደረጉ ነው ያስቆጣቸው። 24 ቀን እዚያው አደሩ። «ጎቭ ዜሮ» በሚል ስም የሚታወቁ የኮምፒውተር ባለሙያ በጎ ፈቃደኞች በውስጥ የሚባለውን ሁሉ በቀጥታ ለውጭው ሕዝብ ያስተላልፉ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ሚኒስትር ጃክሊን ጻይ እነዚሁ ወጣቶች ወደሚሰበሰቡበት ሄደው ሕዝብ ከመንግሥት ጋር በሕግ ጉዳይ የሚመክርበት መድረክ እንዲሠሩ ጠየቁ። «ቪታይዋን» የተባለው አሠራር እንዲህ ተወለደ። ባለሥልጣን ራሱ ተነሥቶ ትናንት ወደተቃወሙት ልጆች መሄዱን ሳስበው ልቤ ይሞቃል።

በ2015 የቀረበላቸው ከባድ ጉዳይ ኡበር ነበር። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ገብቶ የነባሮቹን ባለታክሲዎች ገበያ ሲሻማ የተነሣውን ጠብ የአዲስ አበባ ሰው ሳይነገረው ይገምተዋል። ለውይይቱ «ፖሊስ» የተባለ፣ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የተሠራ ዘዴ ተጠቀሙ (ስሙ ከሕግ አስከባሪው ጋር አይገናኝም)። አንድ ሰው አጭር ሐሳብ ይጽፋል። ሌላው «እስማማለሁ»፣ «አልስማማም» ወይም «ልለፈው» ይላል። መልስ መጻፊያ ቦታ የለውም። የተሳደበ ሰው ስድቡ ሰሚ አያገኝም፤ ማድረግ የሚችለው ብዙ ሰው የሚስማማበትን ሌላ ሐሳብ ማቅረብ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ድምፁን እያየ ተመሳሳይ የሚያስቡትን በካርታ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል። አንዱ ጎራ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ሁለቱም ጎራዎች አብረው «እስማማለሁ» ያሉባቸው ሐሳቦች እየተነጠሩ ይወጣሉ።

የኡበር ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች መጀመሪያ ተራርቀው ተቀመጡ። ሳምንታት ሲያልፉ ሁለቱንም የሚያሰባስቡ ሐሳቦች ብቅ አሉ፤ መንግሥት አጋጣሚውን ተጠቅሞ የነባሩ ታክሲ አገልግሎትም እንዲሻሻል ያድርግ የሚለው አንዱ ነው። ከዚያ የትራንስፖርት ሚኒስቴር፣ ባለታክሲዎችና ኡበር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በቀጥታ ሥርጭት ተነጋገሩ። ሰብሳቢዎቹ ሕዝቡ የተስማማበትን አንድ በአንድ እያነበቡ ተቀምጠው የነበሩትን «ይህን ትቀበላላችሁ?» አሉ። በ2016 በወጣው ደንብ ታክሲ የግድ ቢጫ መቀባቱ ቀረ፤ በስልክ መተግበሪያ መሥራትም ተፈቀደ። ኡበር ራሱ በ2017 ለሁለት ወር ያህል ሥራ አቁሞ፣ ፈቃድ ካላቸው የኪራይ መኪና ድርጅቶች ጋር ለመሥራት ተስማምቶ ተመለሰ።

ቪታይዋን ከዚያ በኋላ ተዳክሟል። መንግሥት የውይይቱን ውጤት እንዲቀበል የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም፤ ተስማምተው ያበቁት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደርሶ የቆመበትም ጊዜ አለ። የቆየው ሌላኛው ነው፦ «ጆይን» የተባለው የመንግሥት መድረክ። አንድ አቤቱታ በ60 ቀን ውስጥ 5,000 ደጋፊ ካገኘ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መልስ ይሰጣል። በየሚኒስቴሩም ከዜጎች ጋር የሚገናኝ ኦፊሰር ተመድቧል።

በሜይ 2017 የግብር ማስታወቂያ ጊዜ ደርሶ አንድ ሰው የመንግሥቱ ሶፍትዌር በኮምፒውተሩ ላይ አልሠራለት ሲል በብስጭት ጻፈ፤ ለመጠቀም እጅግ አስቸጋሪ ነው አለ። ብዙ ሰው እየተከተለ ቁጣውን ጨመረበት። የገንዘብ ሚኒስቴሩ ኦፊሰር ያደረገው ቅሬታ አቅራቢዎቹን መጥራት ነው፤ ኑና አብረን እንሥራው አላቸው። ተቆጪዎቹ ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብለው ሰው የት ላይ እንደሚደናቀፍ በየደረጃው በወረቀት እየለጠፉ አሳዩ። አዲሱ አሠራር ከዚያ ወጣ። ዘመናዊ ቴክኖሎጂ የምንለው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ትልቁ ድርሻ የዚያ ኦፊሰር ነው፤ መልስ መስጠት የሥራ መዘርዝሩ ላይ የተጻፈለት ሰው።

ፊንላንድም እንዲሁ ሁለት ታሪክ አላት። በ2013 በበረዶ ሞተርና ከመንገድ ውጭ በሚነዱ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚወጣውን ሕግ ሕዝብ እንዲረዳበት ጠይቀው 500 ሐሳብና 4,000 አስተያየት ሰበሰቡ፤ የመንግሥት ሰዎች ሲቀያየሩ ሕጉ መደርደሪያ ላይ ቀረ። በአንጻሩ ከ2012 ጀምሮ 50,000 ፊርማ ያገኘ የዜጎች የሕግ ሐሳብ በፓርላማው መታየት አለበት የሚለው ሕግ ግን እስካሁን ይሠራል። አንደኛው የሚኒስቴር በጎ ፈቃድ ነበር፣ ሁለተኛው ሕግ ነው።

* * *

እኛም ሕጉ አለን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል። መመሪያ ትንሽ ነገር አይደለም። አዋጅን በቴሌቪዥን እንሰማዋለን፤ መስኮት ላይ የሚያጋጥመን ግን መመሪያ ነው። «መመሪያው አይፈቅድም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ይህ አዋጅ መመሪያው ሳይወጣ ቃል የመናገር መብት ሰጥቶናል፤ ስንቶቻችን እንደምናውቀው ሳስብ ግን አዝናለሁ። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንም ከየወረዳው ተሳታፊ እየጠራ አጀንዳ ሲሰበስብ ቆይቷል። ከየወረዳው መጥተው የተናገሩት ሰዎች ቤታቸው ሲመለሱ ጎረቤት የሚጠይቃቸው ጥያቄ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ ይዛው ቀበሌ ሁለት ጊዜ የተመላለሰችበት ነው።

ባለፈው ጥር ጉዳይ ኖሮኝ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ የአስተያየት መዝገብ አለ፤ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል። ተራዬ እስኪደርስ ገለጥኩት። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ አስተያየት፣ ፊርማ፤ መጨረሻ ላይ «የተሰጠ ምላሽ» የሚል ጠባብ ዓምድ። ገጽ በገጽ ሄድኩ። ሰዉ በደንብ ጽፏል። ውሃ ያልመጣበትን ቀን ቆጥሮ የጻፈ አለ፤ አንዲት እህት የልደት ካርድ ለማውጣት የተመላለሰችበትን ቀን ሁሉ ዘርዝራለች። ጠባቡ ዓምድ ባዶ ነው።

ከመሐል አንድ ገጽ ላይ ግን፣ እጅ በሚንቀጠቀጥበት የሽማግሌ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «በአራተኛው መስኮት የሚሰለፍ ሰው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው። ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት ወድቀው አይቻለሁ።» አጠገቡ ጠባቡ ዓምድ ውስጥ፣ በሰማያዊ ቀለም፦ «ትክክል ነው። መጠለያ እናሠራለን።» ስምና ፊርማ አለው። ከሥሩ በሌላ እስክሪብቶ፦ «ተሠርቷል፣ ሚያዝያ 3።»

መዝገቡን ዘግቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። የአራተኛው መስኮት ወረፋ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር፤ ከእንጨት የተሠራ ረጅም አግዳሚም አለው። እናቶች ተቀምጠውበታል፤ አንዷ ልጇን ታጠባለች። የእኔም ጉዳይ እዚያው መስኮት ነበርና «የመጨረሻው ማነው?» አልኩ። ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት እጃቸውን አነሡና ከጎናቸው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።